ለአነስተኛ አደንና ለሰብል አጥፊ እንስሳት የሚስማማ የጠመንጃ ካሊበር አመራረጥ

(ለሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የልማት ሠራተኞችና አርሶ አደሮች የተዘጋጀ)

መግቢያ

በደባርቅ፣ በዳባት፣ በወገራ፣ በጃናሞራና በበየዳ ገብስ ማሸት ሲጀምርና ድንች ሲደርስ በአርሶ አደሩ ላይ ሁለተኛ ሥራ ይጨመርበታል። ይኸውም የማሳ ጥበቃ ነው። ቀን ቀን ጭላዳ ከገደል ወጥቶ ገብሱን ይግጣል፤ ሌሊት ጃርት ድንቹን ይቆፍራል፤ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ጠለምት ዝቅ ሲባል ደግሞ ዝንጀሮና የዱር አሳማ በማሽላውና በበቆሎው ላይ ይዘምታሉ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባም በኋላ አይጥ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ለእነዚህ ሁሉ የሚሆነው የትኛው ጠመንጃ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የመሣሪያና የአደን ፈቃድ ላለው ሰው ካሊበር እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል። ሆኖም አንድ ነገር ከወዲሁ መናገር ይገባል። በገጠር ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚገኘው ጠመንጃ ለዚህ ሥራ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። ከላይ ከተጠቀሱት እንስሳትም ገሚሱ በጥይት የሚመለሱ አይደሉም፤ አንዳንዶቹንም መተኮስ በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

ካሊበር ምን ማለት ነው?

ካሊበር ማለት የጠመንጃው በርሜል የውስጥ ስፋት ነው። በአውሮፓውያን ልማድ በሚሊ ሜትር፣ በእንግሊዞችና በአሜሪካኖች ልማድ በኢንች ይጻፋል። ለምሳሌ 22 ካሊበር የሚባለው 0.22 ኢንች ማለት ሲሆን ወደ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ 5.6 ያህል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ስፋቱን ብቻ ማወቅ አይበቃም። የክላሽንኮቭ ጥይት 7.62 ሚ.ሜ. ነው፤ የድሮው የሩሲያ ረጅም ጠመንጃ ጥይትም 7.62 ነው፤ የኤም-14 ጥይትም እንዲሁ 7.62 ነው። ሦስቱ ግን በጭራሽ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። ልዩነታቸው የሚታወቀው በሁለተኛው ቁጥር ማለትም በቀለሁ ርዝመት ነው፤ እሱም በቅደም ተከተል 39፣ 54 እና 51 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ ጥይት የሚገዛ ሰው «7.62 ስጠኝ» ብሎ መተው የለበትም። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውንና በቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ማስተያየት ይኖርበታል።

ብትን ጥይት የሚተኩሰው የአደን ጠመንጃ የሚለካው በሌላ ዘዴ ነው። 12 ቁጥር የሚባለው፣ ከአንድ ፓውንድ (454 ግራም) እርሳስ እኩል የሆኑ 12 ድብልብሎች ቢሠሩ አንዱ ድብልብል በበርሜሉ ልክ ይሆናል ማለት ነው። ስፋቱም 18.5 ሚ.ሜ. ያህል ነው። 20 ቁጥር ደግሞ 15.6 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ጠመንጃው ያንሳል። ይህን ባለማወቅ 20 ቁጥር ከ12 ቁጥር ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ነው።

ከስፋት ይልቅ ለአዳኙ ቁም ነገር የሚሆነው አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ የያዘው ጉልበት ነው። ጉልበት የሚገኘው የአረሩን ክብደት በኪሎ ግራም ወስዶ በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ በማባዛትና ለሁለት በማካፈል ነው። መለኪያውም ጁል ይባላል። 22 ሎንግ ራይፍል የተባለው ጥይት 2.6 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 330 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል፤ ጉልበቱም 140 ጁል ገደማ ነው። የክላሽንኮቭ አረር 8 ግራም ሲሆን በሴኮንድ 715 ሜትር ይሄዳል፤ ጉልበቱ 2,000 ጁል ይደርሳል። ክብደቱ የሚበልጠው በሦስት እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ግን በ14 እጅ ይበልጣል። ምክንያቱም ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው።

በእጅ ያለው ጠመንጃ ለምን አይስማማም?

በአገራችን ስም ያወጡት ጠመንጃዎች ሁሉ ለጦርነት የተሠሩ ናቸው። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጦር የተሠራ ባለ 11 ሚ.ሜ. ጠመንጃ ሲሆን 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር ይተኩሳል። ለበን በ1886 እ.ኤ.አ. እዚያው ፈረንሳይ የተሠራ ባለ 8 ሚ.ሜ. ነው፤ ጭስ የማያወጣ ባሩድ በመጠቀም ከጦር ጠመንጃዎች የመጀመሪያው ነው። ቤልጅግ የሚባለው በቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር 7.92 ሚ.ሜ. ነው። ከባዱ ዓይነት ጥይቱ 3,700 ጁል ያህል ጉልበት አለው። እነዚህ ሁሉ አንድን ሰው በብዙ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ለመጣል የታሰቡ እንጂ ለቆቅ ወይም ለሽኮኮ የተፈጠሩ አይደሉም።

ቆቅ ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ወፍ ናት። በክላሽንኮቭ የተመታች ቆቅ ላባና አጥንት ሆና ትቀራለች፤ ከእርሷም ለድስት የሚተርፍ ነገር የለም። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ አረሩ ከወፏ አልፎ የሚሄድ መሆኑ ነው። የክላሽንኮቭ አረር አፈሙዙ ቀና ብሎ ቢተኮስ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የቤልጅጉ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በወገራ ወይም በጃናሞራ ከአንድ ማሳ ጫፍ ሆኖ 4 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ስንት መንደር፣ ስንት የከብት መንጋ፣ ስንት እረኛ ልጅ እንዳለ ይቁጠር። በሸለቆው ማዶ ያለው ተረተር ባዶ ቢመስልም በጎች ያሉት እረኛ ከድንጋይ ጥግ ተጠልሎ ሊሆን ይችላል።

ጠመንጃ በጎንደር ገጠር የክብር ዕቃ መሆኑን እናውቃለን። ለክብር የሚያዝ መሣሪያ ትልቅ ቢሆን ነውር የለበትም። ለማሳ ጥበቃ የሚመረጥ መሣሪያ ግን እንደ ማረሻና እንደ ማጭድ በሥራው ይመዘን።

ለየትኛው እንስሳ የትኛው ይስማማል?

ስለ ትናንሽ ታዳኞች ስንናገር የአገሩን ልማድ መርሳት አይገባም። ጥንቸል በሌላው ዓለም የአነስተኛ አደን ዋና ታዳኝ ናት፤ የውጭ አገር የጠመንጃ መጻሕፍትም አብዛኛውን ምክራቸውን የሚሰጡት ስለ እርሷ ነው። በደጋችን ግን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ጥንቸል አይበላም። ሽኮኮም እንዲሁ አይበላም። ስለዚህ ከመጻሕፍቱ ምክር ገሚሱ ለኛ አይሠራም። ለምግብ የሚፈለጉት ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኖስና እንደ ሚዳቋ ያሉ ትናንሽ የሜዳ እንስሳት ናቸው።

እዚህም ላይ ሌላ ነገር ይታሰብ። ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ ሳይታረድ የሞተ አይበላም። አዳኙ ሮጦ ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ አለበት። ትልቅ ካሊበር ይህን ዕድል ይነፍጋል፤ በጣም ትንሽ ካሊበር ደግሞ እንስሳውን አቁስሎ ወደ ገደል ይሰደዋል። ቆቅ በጥይት ሳይሆን በወጥመድ በሕይወት የምትያዝበት የቆየ ልማድ ለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ጠመንጃ የተሻለ መልስ ነው ብለን እናምናለን። ወጥመድም ቢሆን ግን ያለ ፈቃድ አይጠመድም።

በመሣሪያ ለሚያድን ሰው ለቆቅ፣ ለጅግራና ለዋኖስ የሚስማማው 12 ወይም 20 ቁጥር የአደን ጠመንጃ ነው። ጥይቱም 6 ቁጥር ብትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬ ከ2 ሚ.ሜ. ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ይሁን። ይህ ከ30 እስከ 35 ሜትር ድረስ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያ ባለፈ ፍሬዎቹ ይበታተኑና ወፏን በሕይወት ያቆስላሉ። የብትን ጥይት ትልቁ በጎነት ቶሎ መድከሙ ነው። የፍሬው ስፋት በሚሊ ሜትር በመቶ ቢባዛ ፍሬው የሚደርስበት የመጨረሻ ርቀት በሜትር ይገኛል የሚል የቆየ የአዳኞች ስሌት አለ። በዚህ መሠረት 6 ቁጥር ከ250 እስከ 280 ሜትር ድረስ ሊጓዝ ይችላል ማለት ነው። ከ4 ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር በሰው በተሞላ አገር ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

መሬት ላይ ወይም ቋጥኝ ላይ ቆሞ ለሚገኝ ትንሽ እንስሳ 22 ሎንግ ራይፍል በቂ ነው። ይህ ጥይት ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ድምፁ አነስተኛ፣ ምቱ በትከሻ ላይ የማይከብድ ነው። ማነጣጠሪያው በ50 ሜትር ላይ ከተስተካከለ እስከ 60 ወይም 70 ሜትር ድረስ ጭንቅላት ላይ ለማነጣጠር ያስችላል። በ100 ሜትር ላይ ግን አረሩ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በደጋው የከሰዓት በኋላ ነፋስም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ በ100 ሜትር ሽኮኮ ላይ በ22 መተኮስ ጥይት ማባከን ነው። ለሚዳቋና ለድኩላ 22 አይበቃም፤ አቁስሎ የሚለቅ ነውና አይሞከር።

22 ትንሽ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል፤ ሰውም ይገድላል። ከዚህም በላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ የሆነ የእርሳስ አረር ከድንጋይ ላይ የመንጠር ባሕርይ አለው። ማሳው ድንጋይ፣ ድንበሩ ካብ፣ ጀርባው ቋጥኝ በሆነበት አገር ይህን መርሳት አይቻልም። ከእንስሳው በስተጀርባ አረሩን የሚውጥ የአፈር ዳገት ከሌለ አይተኮስ።

በጎተራና በቤት ዙሪያ ላለ አይጥ 4.5 ወይም 5.5 ሚ.ሜ. የአየር ጠመንጃ ከ20 እስከ 25 ሜትር ድረስ ይሠራል። ነገር ግን የአይጥን ጉዳት በጥይት መቀነስ እንደማይቻል በግልጽ መናገር አለብን። አንዲት አይጥ በዓመት ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜውም ብዙ ልጆች ትወልዳለች፤ ተኳሹ ሲደክም እርሷ አትደክምም። ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ማልበስ፣ በዙሪያው ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ማጽዳት፣ መንደሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ በኅብረት ወጥመድ ማጥመድ ከመቶ ጥይት ይበልጣል። መርዝ የሚጠቀም ደግሞ የሞተውን አይጥ ሰብስቦ ይቅበር፤ ድመትም፣ ጉጉትም፣ ቀይ ቀበሮም በዚያው መርዝ ይሞታሉና።

ጃርት ማታ ወጥቶ ጎህ ሳይቀድ የሚገባ እንስሳ ነው። ስለዚህ እርሱን በጠመንጃ ማደን ማለት በጨለማ መተኮስ ማለት ነው። በባትሪ ብርሃን የሚያበራ ዓይን የጃርት ይሁን የጎረቤት ጥጃ ሳይለይ የተተኮሰ ጥይት የሚያመጣው መዘዝ አንድ መደብ ድንች አያክልም። ፈቃድ የተገኘበት ቢሆን እንኳ ከ12 ቁጥር የአደን ጠመንጃ ሌላ በሌሊት አይያዝ፤ ርቀቱም ከ20 ሜትር አይለፍ። ከዚህ ይልቅ የድንች ማሳውን ዙሪያ ጥቂት ወደ ምድር በገባ ካብ ማጠር፣ በላዩም እሾህ መደርደር ይመከራል። ጃርት መውጣት አይወድም፤ ከሥር ግን ይቆፍራል፤ ስለዚህ የካቡ መሠረት ጥልቀት ከከፍታው የበለጠ ዋጋ አለው።

ጭላዳን በሚመለከት ምንም ዓይነት ካሊበር አንመክርም። ጭላዳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሣር በል ሲሆን ገብሱን የሚግጠውም የግጦሽ መሬቱ ስለ ታረሰ ነው። ሌሊቱን በገደል ያድራል፤ ጧት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ መምጫው የታወቀ ስለሆነ ጠባቂው ቀድሞ ሊቆምበት ይችላል። የእረኛ ወንጭፍና የጅራፍ ጩኸት ከጥይት ያላነሰ ያባርሩታል፤ ዋጋቸውም ከአንድ ጥይት ይረክሳል። አምስት ወይም ስድስት ቤተሰብ ማሳቸው የተያያዘ ከሆነ በተራ መጠበቅ ይበጃል። ቤተሰቡ ለየብቻው ሲጠብቅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ በተራ ሲሆን ግን አንድ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል።

በቆላው በኩል ያለው ዝንጀሮ ከጭላዳ የበለጠ ብልጥ ነው። የተኩስ ድምፅ ለጥቂት ቀናት ያርቀዋል፤ የማይመታ ድምፅ መሆኑን ሲረዳ ተመልሶ ይመጣል። ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክቶ በባለሙያ እርምጃ እንዲወሰድ ማድረግ እንጂ አርሶ አደሩ በራሱ ክላሽንኮቩን አንሥቶ መውጣት የለበትም።

የቀይ ቀበሮ ጉዳይ

በስሜን ተራሮች አካባቢ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ሁሉ ቀይ ቀበሮንና ተኩላን መለየት ይጠበቅበታል። ተኩላ ግልገል ይነጥቃል፤ መልኩም ወደ ግራጫና ቡላ ያደላ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ጸጉሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉም ቀጭን ነው። ምግቡ በአብዛኛው የሜዳ አይጥ ነው። እንግዲህ ገብሱን ከሚያጠፋው አይጥ ጋር የሚዋጋልንን አውሬ በስሕተት መግደል በራስ ማሳ ላይ መተኮስ ይሆናል። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ሁሉም በኢትዮጵያ ነው የሚኖሩት።

ዋሊያም ምሳሌ ነው። ከስሜን በስተቀር የትም የማይገኘው ይህ የገደል ፍየል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቁጥሩ ከ200 እንደማይበልጥ ተገምቶ ነበር። ለዚህም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ የጦር ጠመንጃ በየቤቱ መግባቱ ነው። ገደል ለገደል የሚዘለውን እንስሳ ጦርና ወጥመድ አይደርሱበትም ነበር፤ ረጅም ርቀት የሚመታ ካሊበር ግን ደረሰበት። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ጭምር በእነዚህ እንስሳት ምክንያት ነው።

በደጋ ሲተኮስ የሚታሰብ

የጥይት ፋብሪካዎች የሚያወጧቸው የርቀት ሰንጠረዦች ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠረፍ አየር የተሰሉ ናቸው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። በደባርቅ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ አረሩን የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ አረሩ ከሰንጠረዡ በላይ ይርቃል። ስለዚህ «ጥይቴ እዚያ አይደርስም» የሚለው ግምት በደጋ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያታልላል።

ዳገትና ቁልቁለትም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ 100 ሜትር የሚርቅ ኢላማ፣ አረሩን ወደ ታች ለሚስበው የምድር ኃይል 87 ሜትር እንደሚርቅ ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ታችም ሆነ ወደ ላይ ሲተኮስ አረሩ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ወደ ላይ ሲተኮስ ግን ከተረተሩ በላይ ሰማይ የሚታይ ከሆነ ጨርሶ አይተኮስ።

ፈቃድ

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። «ማሳዬን አጥፍቶብኝ ነው» ማለትም እንደ ፈቃድ አይቆጠር። የደረሰው ጉዳት ተለክቶና በቀበሌው ተረጋግጦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ ጉዳዩ መስመር ይይዛል፤ በፓርኩ አዋሳኝ ላሉ ቀበሌዎች ደግሞ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ከደረሰው ግጭት የተነሣ የአንድ ተኩስ ድምፅ በመንደሩ ሊሰጠው የሚችለውን ትርጉምም ማሰብ ያሻል፤ በቆቅ ላይ የተተኮሰ መሆኑን ማዶ ያለው ሰው ሊያውቅ አይችልም።

ስለ አሮጌ ጥይት

በድሮ ጠመንጃ የሚጠቀሙ ሰዎች ጥይታቸው ከአባት የተወረሰ ሊሆን ይችላል። ቀለሁ የተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ወይም አረሩ በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ጥይት አይጎረስ። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ አፈር አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መቆየት ያስፈልጋል፤ ያረጀ ባሩድ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላልና። ወዲያው ከፍቶ በዓይን ለማየት መጎንበስ አደገኛ ነው።

በእርሳስ ጥይት የተገደለ ከርከሮም ሆነ ጃርት ሜዳ ላይ ተጥሎ አይቅር። ጥንብ አንሣ ከሥጋው ጋር የእርሳሱን ስብርባሪ ይውጣል፤ እርሳሱም ይመርዘዋል። ሬሳው ውሻ ሊያወጣው በማይችልበት ጥልቀት ከውኃ ምንጭ ርቆ ይቀበር።